«ነርቭ ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ አስተውሎትና ስለ ባህላዊ መድኃኒት እንወያይ

እንጦጦ ነፋስ (ክሩን የከፈተች)፦

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ በአዲስ አበባ ዮጋ ማስተማር ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ወደ ክፍሌ ከመጡ ሰዎች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «ነርቭ» ነው። ወገቡን የያዘው ሰው «ነርቭ ነው» ይላል፤ እግሯ የሚደነዝዛት እናት «ነርቭ ነው» ትላለች፤ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ የማይዞረውም፣ በስብሰባ ላይ ለመናገር ሲነሣ ጉልበቱ የሚከዳውም፣ ልጁን በትንሽ ነገር ተቆጥቶ ኋላ የሚጸጸተው አባትም ሁሉም «ነርቬን ነው» ብለው ይነግሩኛል። ይህን ክር የከፈትሁት፣ ይህ አንድ ቃል የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ከረጢት ስለ ጨመረ፣ ሰዎች ሐኪም ማየት ሲገባቸው ወደ እኔ ሲመጡ፣ እኔ ልረዳቸው በምችልበት ነገር ደግሞ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ሲንከራተቱ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

እኔም ወደዚህ ሥራ የመጣሁት በሕመም በኩል ነው። ቀድሞ በአንድ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ነበርሁ። አንድ የወር መጨረሻ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ልቤ በድንገት በኃይል መምታት ጀመረ፤ ጣቶቼን ወረረኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ አየር ያጠረኝ መሰለኝ፤ እሞታለሁ ብዬም ከልቤ አመንሁ። ተሳፋሪዎች ደግፈው ሐኪም ቤት አደረሱኝ። የልብ ምርመራ ተደርጎልኝ «ምንም የለብሽም» ተብዬ ተመለስሁ። ቃሉ ስለ ልቤ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ለደረሰብኝ ነገር ስም የሰጠኝ ሰው ስላልነበረ ከዚያ በኋላ ለወራት ሚኒባስ መሳፈር ፈራሁ። የደረሰብኝ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት እንደ ነበረና በብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስ ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ትምህርቱን የተማርሁት በሕንድ ሎናቭላ በተባለች ከተማ ነው። እዚያ ካይቫልያዳማ የሚባል ተቋም አለ፤ ስዋሚ ኩቫላያናንዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያቋቋሙት ሲሆን፣ የዮጋን ልምምድ በላቦራቶሪ መሣሪያ መመርመርን ከመነሻው ዓላማው ያደረገ ነው። ከአቀማመጡና ከመተጣጠፉ ሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ስለ ትንፋሽ የተማርሁት ነገር ነው። ልባችን ሳንጠይቀው ይመታል፤ ጨጓራችን ሳናዘው ይፈጫል፤ ደም ሥሮቻችን ሳናውቅ ይጠብባሉ፣ ይሰፋሉ። ይህን ሁሉ የሚመራው ራስ-ገዝ የሚባለው የነርቭ ሥርዓት ነው። አንዱ ክፍሉ፣ ሲምፓቴቲክ የሚባለው፣ አደጋ ሲመጣ ለመታገል ወይም ለመሸሽ ያዘጋጀናል፤ ሌላው፣ ፓራሲምፓቴቲክ የሚባለው፣ ሲረጋጋ እንድናርፍና ምግብ እንድንፈጭ ያደርገናል። የልባችንን ምት «ቀንስ» ብለን ልናዝዘው አንችልም። ትንፋሽ ግን ስንተኛም በራሱ ይሄዳል፣ ስንፈልግም በፈቃዳችን ይታዘዛል። ወደማንደርስበት ቤት የሚያስገባ አንድ በር ቢኖር እርሱ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም። የግራ እጅዎን አንጓ በቀኝ እጅዎ ጣቶች ይያዙና የደም ሥርዎን ትርታ ያዳምጡ። አየር ሲያስገቡ ትርታው በመጠኑ ይፈጥናል፤ ሲያስወጡ ይዘገያል። ልቡን የሚያዘገየው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው፤ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ አንጀት ይወርዳል። ከክሮቹ 80 በመቶ ያህሉ መልእክት የሚያደርሱት ከሰውነት ወደ አንጎል ነው፤ የሆድና የደረት ሁኔታ ስሜታችንን የሚለውጠው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በክፍሌ የማስተምረው ቀላል ነው፦ በአፍንጫ 4 ሴኮንድ ማስገባት፣ በአፍንጫ 6 ሴኮንድ ማስወጣት፣ ለ5 ደቂቃ። ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው፤ አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። የተጨነቀን ሰው «በረጅሙ ተንፍስ» ስንለው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው አፉን ከፍቶ አየር መዋጥ ነው። ያን ጊዜ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በታች ይወርዳል፣ ጣቱንና ከንፈሩን ይወረዋል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ይህም ፍርሃቱን ያባብሰዋል። በሚኒባሱ ውስጥ እኔን የደረሰብኝ ይኸው ነበር፤ አየር ያጠረኝ የመሰለኝ ከመጠን በላይ እየተነፈስሁ ሳለሁ ነው። ስለዚህ ለተጨነቀ ሰው የምለው «ቀስ ብለህ አስወጣ» ነው። ማስገባቱ በራሱ ይመጣል።

ልምዳችሁን፣ ጥያቄያችሁንና ተቃውሞአችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ባለመቁጠሪያ፦

መምህርት፣ ጽሑፍዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በዲቁና የማገለግል ሰው እንደ መሆኔ፣ ብዙ ምእመናን የሚጠይቁኝን እኔም ልጠይቅዎ። ዮጋ ከሂንዱ እምነት የተወለደ ነው። እርስዎ የሚያስተምሩት እንቅስቃሴ ብቻ ነው ቢባል እንኳ፣ ከሥሩ ሊለይ ይችላልን? አንዳንድ አስተማሪዎች «ስግደትም እኮ ዮጋ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይህ አባባል አሳዝኖኛል።

እንጦጦ ነፋስ፦

ዲያቆን፣ በግልጽ ስለ ጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ሥሩን መደበቅ ሐሰት ይሆንብኛል። ዮጋ የሕንድ ነው፤ ፓታንጃሊ የጻፉት ነው የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ፣ የዮጋ ሱትራ፣ የሚገልጻቸው ስምንት ደረጃዎች ከሥነ ምግባር ተነሥተው ወደ ጥልቅ ተመስጦ የሚያደርሱ ናቸው፤ የሰውነት አቀማመጥ ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው። ዩኔስኮ ዮጋን የሕንድ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ የመዘገበው ራሱ እዚህ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ጉባኤ፣ በኅዳር 2009 ዓ.ም. ነው፤ የገዳ ሥርዓትም በዚያው ጉባኤ ተመዝግቧል። እኔ በክፍሌ ማንትራ፣ ማለትም ተደጋግሞ የሚባል የአምልኮ ቃል፣ አላስደግምም፣ ምስል አላቆምም፣ የማስተምረውም የሰውነትና የትንፋሽ ልምምድ ነው። ይህ ለሕሊናው የማይመቸው ሰው ካለ ውሳኔውን አከብራለሁ፤ እንዲመጣም አልጎተጉትም። ስግደት ደግሞ አምልኮ ነው። ዮጋ ነው ማለት የሰጋጁን ልብ መናቅ ነውና ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ።

ይሁን እንጂ አንድ ጥናት ልጥቀስልዎ። በጣሊያን የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ 23 ጤነኛ ሰዎች በላቲን ቋንቋ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ የቡድሂስቶች ማንትራ እንዲደግሙ አደረጉ። በሁለቱም ጊዜ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ገደማ ወረደ፤ የልባቸውም ምት ከትንፋሻቸው ጋር እየተስማማ መውጣትና መውረድ ጀመረ። ጸሎቱን የደረሱት ሰዎች ትንፋሽ እንቆጥር ብለው አልደረሱትም። ይህን የማነሣው ሁለቱ አንድ ናቸው ለማለት ሳይሆን፣ ሰውነታችን በምን ዓይነት ፍጥነት እንደሚረጋጋ ለማሳየት ነው።

ባለመቁጠሪያ፦

መልስዎ ቅንነት ስላለው ተቀብዬዋለሁ። ጥናቱን ሳነብብ ያሰብሁት፣ ጠዋት በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስንል በችኮላ የምንለው ቀንና ቃል በቃል እያስተዋልን የምንለው ቀን ምን ያህል እንደሚለያዩብኝ ነው። ጸሎት ለጤና ተብሎ አይጸለይም። ነገር ግን አባቶች «በዝግታ በሉ፣ ልባችሁ ከአፋችሁ ጋር ይሁን» ብለው ሲገሥጹን እንደ ኖሩ አልረሳሁም።

ሐኪም በሥራ ላይ፦

በአንጎልና ነርቭ ሕክምና ላይ የምሠራ ሐኪም ነኝ። መምህርቷ ያነሡት የቃሉ ነገር በየቀኑ ያስቸግረኛልና ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። በሽተኛው «ነርቭ አለብኝ» ሲለኝ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ፈጽሞ የማይገናኙ ሕመሞች የትኛውን እንደሚነግረኝ አላውቅም። ከወገብ ተነሥቶ በጭኑ በስተኋላ እስከ እግር የሚወርድ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ የነርቭ ሥር ሲጫን የሚመጣ ነው። ሁለቱን እግር ከጣት ጀምሮ እንደ ካልሲ የሚያለብስ መደንዘዝና መቃጠል ደግሞ ከአከርካሪ ርቀው ወደ እጅና ወደ እግር ጫፍ የሚደርሱት ነርቮች መጎዳት ነው። ጭንቀት የሚያመጣው መንቀጥቀጥና የልብ ምት ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ነርቮቹ ደኅና ሆነው ሳሉ ሥርዓቱ ከልክ በላይ የነቃበት ሁኔታ ነው። ትንፋሽ የሚረዳው ይህን ሦስተኛውን ነው።

እግሩን የሚወረው ሰው ቢያንስ የደም ስኳሩን ሳይለካ ወደ ዮጋም፣ ወደ ወጌሻም፣ ወደ ጠበልም ብቻ እንዳይሄድ እለምናለሁ። የስኳር ሕመም ከሚያደርሳቸው ጉዳቶች ሁሉ በዝምታ የሚሠራው ይኸው የእግር ነርቭ ጉዳት ነው። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ፣ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው አይሶናያዚድ ቫይታሚን ቢ 6ን ስለሚያጓድል ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ ቫይታሚኑ አብሮ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። አልኮል የሚያበዛ ሰውም እንዲሁ ይጎዳል።

ስለ ጾም አዘውትረው ስለሚጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። እጥረቱ ነርቭን የሚጎዳው ቫይታሚን ቢ 12 በተፈጥሮ የሚገኘው በእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ጉበታችን ግን ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች፣ በፍስክ ጊዜ በሚገባ የሚመገብ ጤነኛ ሰው በጾም ብቻ ይጎድልበታል ማለት አይቻልም። በጣም የምጠነቀቀው ለረጅም ዓመታት የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን ወይም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ ክኒኖችን የሚወስድና በዚያ ላይ የሚጾም ሰው ሲመጣ ነው፤ ሁለቱም መድኃኒቶች የቫይታሚኑን መጠን ሊቀንሱ ይችላሉ። በሌላ በኩል ሳይመረመሩ በየመድኃኒት ቤቱ «የነርቭ መርፌ» እያሉ የቫይታሚን መርፌ መወጋት ልማድ ሆኗል፤ ይህ የጭንቀቱን ምክንያት ሳይነካ ገንዘብን ብቻ ይጨርሳል።

ጡረተኛው መምህር፦

ዶክተር፣ ጽሑፍዎን አንብቤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። እኔ 67 ዓመቴ ነው። የሁለቱም እግሮቼ ጣቶች ጉንዳን እንደሚሄድባቸው መውረር ከጀመሩ ከዓመት በላይ ሆነ፤ ሌሊት ብርድ ልብሱ ሲነካቸው ይቃጠላሉ። በእርጅና አሳብቤ፣ የነርቭ ነው እያልሁ፣ ማታ ማታ በሞቀ ውሃና በጨው እዘፈዝፋቸው ነበር። የስኳር ምርመራ አድርጌ አላውቅም። መምህርቷ ለአረጋውያን የሚያስተምሩት ክፍል አለ ሲባል ሰምቼ ለመመዝገብም አስቤ ነበር።

ሐኪም በሥራ ላይ፦

አባቴ፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ በባዶ ሆድ የደም ስኳርዎን ያስለኩ፤ የቢ 12 ምርመራም ከተቻለ ይጨመርበት። እስከዚያው የሞቀውን ውሃ ይተውት። የመደንዘዝ ስሜት ያለው እግር የሙቀቱን መጠን በትክክል አይነግርዎትምና ሳያውቁት ሊቃጠሉ ይችላሉ።

እንጦጦ ነፋስ፦

ጋሼ፣ ምዝገባው አያመልጥዎትም። መጀመሪያ ምርመራውን ያድርጉ፤ ውጤቱን ይዘው ሲመጡ ለእርስዎ የሚሆነውን አብረን እናያለን።

የበረሃ እንግዳ፦

እኔ ያለሁት በሪያድ ነው፤ በሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቀን ሥራ ላይ ስሆን ደኅና ነኝ። ማታ ተኝቼ ዓይኔን ስጨፍን ግን በጉዞ ላይ ያየሁት ነገር ይመጣብኛል። አንዲት እህት በስልክ የሜዲቴሽን ድምፅ ላከችልኝና «ዓይንሽን ጨፍነሽ ወደ ውስጥሽ ተመልከቺ» ሲል ብሶብኝ አጠፋሁት። ሰው ሁሉ የሚረጋጋበት ነገር እኔን ለምን ያስፈራኛል? የተበላሸ ነገር ያለብኝ ይመስለኛል።

እንጦጦ ነፋስ፦

እኅቴ፣ ድምፁን ማጥፋትሽ ልክ ነበር። የተበላሸ ነገር የለብሽም። ክፉ ነገር ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በጸጥታ ሲቀመጥ፣ አእምሮው የሚያገኘው የመጀመሪያው ነገር ያ ያየው ነገር ነው። ይህን የማያውቅ አስተማሪ ሁሉንም ሰው ዓይንህን ጨፍን ይላል፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር፤ አንዲት ተማሪ እያለቀሰች ከክፍሌ ከወጣች በኋላ ነው የተማርሁት። ያን ቀን እስካሁን አልረሳውም።

አስተውሎት የምንለው ነገር ወደ ውስጥ መስመጥ አይደለም። ጆን ካባት-ዚን የሚባሉት አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የአስተውሎት ሥልጠና ሲጀምሩ፣ ዋናው ነገር አሁን ያለውን ነገር ሳይፈርዱ ማስተዋል ነበር። አሁን ያለው ነገር ደግሞ ከውጭሽም አለ። ስለዚህ ማታ መብራቱ በርቶ፣ ዓይንሽ ተከፍቶ፣ በአልጋው ጫፍ ተቀመጪ። ሁለቱን የእግርሽን ጫማዎች ወለሉ ላይ አሳርፊና ቅዝቃዜውን አስተውዪ። ከዚያ በክፍሉ ውስጥ የምታዪአቸውን አምስት ነገሮች በአማርኛ ስማቸውን በዝግታ ጥሪ፦ በር፣ መጋረጃ፣ ባልዲ። ሦስት ድምፆችን አዳምጪ። ትንፋሽሽን ለመለወጥ አትድከሚ፤ ለአንዳንድ ሰው ትንፋሹን መከታተል ራሱ ያስፈራዋል። የመጣብሽ ትዝታ ከበረታ ተነሥተሽ ፊትሽን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ። ይህ ለዛሬ ሌሊት መሻገሪያ ነው። ያየሽውን ነገር አስታምመሽ የምታልፊው ግን ከሠለጠነ ሰው ጋር በመነጋገር ነውና፣ ወደ አገርሽ ስትመለሺ ወይም እዚያው በስልክ በቋንቋሽ የሚያነጋግርሽ ባለሙያ ካገኘሽ ወደ ኋላ አትበዪ።

የበረሃ እንግዳ፦

ትናንት ሌሊት ሞከርሁት። በስም የምጠራው ነገር ሲያልቅብኝ የቤታችንን ዕቃዎች፣ የእናቴን ምጣድና ሰፌድ መጥራት ጀመርሁ። አለቀስሁ፤ ግን ያ ያየሁት ነገር አልመጣም። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ተኛሁ።

ቁልቋል፦

ስለ ተፈጥሮ መድኃኒት መጠየቅ እፈልጋለሁ። ከዱባይ «አሽዋጋንዳ» የሚባል እንክብል አስመጥቼ ለጭንቀቴ ሁለት ወር ወሰድሁ። ኋላ ስጠይቅ ይህ ተክል የእኛው ግዛዋ ነው አሉኝ፤ አያቴ ለቡዳ ብላ ስታጥነን የኖረችው ተክል። አገር በቀል ከሆነ ጉዳት አይኖረውም ብዬ መጠኑን ልጨምር አስቤ ነበር። የተፈጥሮ ነገርን ከፋብሪካ ኬሚካል ጋር እኩል መፍራት ተገቢ ነውን?

ሐኪም በሥራ ላይ፦

ተክሉ አንድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አያትዎ በጭሱ ያጥኑዎት ነበር፤ እርስዎ ደግሞ የሥሩን ጭማቂ አጥልለው ያጠነከሩትን በየቀኑ ይውጣሉ፤ መጠኑም መንገዱም የተለያየ ነው። ጭንቀትን በመጠኑ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። በሌላ በኩል ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ተመዝግበዋል፤ የእንቅርት ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር አይመከርም፤ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከልክላዋለች። ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሰውነትዎን ካሳከከዎት ዛሬውኑ አቁመው ይመርመሩ። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ተፈጥሮን መፍራት አይገባም፤ ማክበር ግን ይገባል። ኮሶን የሚያውቅ ትውልድ ይህን ያውቀዋል። ኮሶ ቴፕ ዎርም ያወጣ ነበር፤ ከልክ ካለፈ ደግሞ ዓይን ያጠፋ ነበር። አባቶች የሚለኩትና የሚጠነቀቁት ኃይሉን ስለሚያውቁ ነው። ጤና አዳምም በቡና ላይ ጣል የምትደረግ ቅጠል ስትሆን አንድ ነገር ናት፤ ተጨምቃ በብርጭቆ ስትጠጣ ግን በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ናት።

እንጦጦ ነፋስ፦

እኔም ከዚህ ተነሥቼ አንድ ነገር ልናገር፤ በሙያዬ ውስጥ ያሉ ሰዎች ይቀየሙኝ ይሆናል። በዮጋ ዙሪያ ቅጠልና ዘይት፣ እንክብልና «መርዝ ማውጫ» ሻይ የሚሸጥ ሰው በዝቷል። ተማሪው መምህሩን ስለሚያምን የሰጡትን ይወስዳል። እኔ በክፍሌ ምንም ነገር አልሸጥም። የተፈጥሮ ጤና ብዬ ለተማሪዎቼ የምመክረው ገንዘብ የማይጠይቀውን ነው፦ በጠዋት ፀሐይ መራመድ፣ በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሣት፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ መብላት፣ ከቀትር በኋላ ቡና መቀነስ። ሰውነታችን ከጠጣነው ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በምሽት 12 ሰዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ በአምስት ሰዓት እንቅልፍ እንቢ ያለው ሰው «ነርቬ ነው» ሲለኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጀበናው ነው። ቡናውን ተዉ አልልም፤ የማታውን ወደ ጠዋት አምጡት እላለሁ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፦

መምህርት፣ ፈተና ልፈተን ሁለት ወር ቀርቶኛል። ወረቀቱ ሲሰጠኝ ያጠናሁት ሁሉ ይጠፋኛል፤ እጄም ያልበኛል። የ4 እና የ6ቱን ትንፋሽ በፈተናው ጠዋት ባደርገው ይረዳኛል?

እንጦጦ ነፋስ፦

ልጄ፣ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ብዙም አይረዳህም። ከዛሬ ማታ ጀምረህ ከመተኛትህ በፊት 5 ደቂቃ አድርገው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ያለፈ ዓመት ፈተና ሰዓት ይዘህ ስትሠራ፣ ከመጀመርህ በፊት ስድስት ትንፋሽ አድርግ። ሰውነትህ ትንፋሹን ከፈተና ወረቀት ጋር አያይዞ እንዲያውቀው ነው የምንፈልገው። በፈተናው ዕለት ልብህ መምታቱ አይቀርም፤ ይህ ሰውነትህ ለሥራ መዘጋጀቱ ነውና አትታገለው። መጀመሪያ የምታውቀውን ጥያቄ ፈልገህ ሥራ።

ቁልቋል፦

እንክብሉን አቁሜ የጉበት ምርመራ አደረግሁ፤ ደኅና ነው ተብያለሁ። ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦

ውጤቴን ይዤ ተመለስሁ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 214 ሆነ፤ በማግሥቱም ተደግሞ ተለካ፣ አልወረደም። ቢ 12 ደኅና ነው ተባልሁ። መድኃኒት ተጀምሮልኛል፤ የዓይንና የኩላሊት ምርመራም ታዘዘልኝ። ነርስዋ እግሬን በቀጭን ክር ስትነካካው ከአሥሩ ቦታ ስድስቱን አላወቅሁትም። ጫማዬን ሳወልቅ ከቀኝ ተረከዜ ሥር ትንሽ ቁስል ተገኘ፤ መቼ እንደ ቆሰለ እኔ አላውቅም፤ ሕመም አልሰማኝም ነበር። አሁን ማታ ማታ ባለቤቴ በእጅ ባትሪ እግሬን ታይልኛለች። ትንፋሹንም በየቀኑ እያደረግሁ ነው፤ ሌሊት ማቃጠሉ ሲነሣብኝ ከመናደድና ከመገላበጥ አድኖኛል፤ ማቃጠሉ ግን አልጠፋም። ዶክተር፣ ወደ ዮጋው ክፍል ብሄድ ይፈቅዱልኛል?

ሐኪም በሥራ ላይ፦

አባቴ፣ ምርመራውን በጊዜ በማድረግዎ ደስ ብሎኛል። የተጎዳው ነርቭ ቶሎ አይመለስም፤ ስኳሩን በመቈጣጠር ግን ጉዳቱ እንዳይቀጥል ልናደርግ እንችላለን፤ ለማቃጠሉም መድኃኒት አለ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይጠይቁ። እንቅስቃሴው ይጠቅምዎታል። ቁስሉ ሳይድን ግን በእግርዎ ቆመው የሚሠሩትን ሁሉ ያቆዩት። የዓይን ምርመራው ሳያልቅም ራስን ወደ ታች ዘቅዝቆ መቆም የለም፤ የዓይን ግፊትን ስለሚጨምር የዓይን ሕመም ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። ትንፋሽን አፍኖ መያዝም ለደም ግፊት አይሆንም።

እንጦጦ ነፋስ፦

ጋሼ፣ የቅዳሜው የአረጋውያን ክፍል በሦስት ሰዓት ይጀምራል። ሌሎቹ ባዶ እግራቸውን ይሆናሉ፤ እርስዎ ጫማዎን እንዳያወልቁ፤ ካልሲዎ ነጭ ቢሆን ቁስሉ ደም ወይም ፈሳሽ ካለው ቶሎ ይታያል። ስኳርዎ ቢወርድ የሚሆን ከረሜላ ኪስዎ ውስጥ ይኑር፤ ቁርስዎንም በልተው ይምጡ። ወንበርዎን ከመስኮቱ አጠገብ ግድግዳውን አስደግፌ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ሁሉንም ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። ባለቤትዎም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ለእርሳቸውም ወንበር አለ።